ዛቢያ በተልባ ዘይት፦ የዶማና የመጥረቢያ እጀታ ክረምት ሳይገባ እንዴት ይታከማል?

ባለፈው ሰኞ፣ ገበያው ሞቅ ባለበት ሰዓት፣ ከኩታበር በኩል የመጡ አንድ አባት የዶማ ብረት በአንድ እጅ፣ ዛቢያውን በሌላ እጅ ይዘው ደሴ ባለው የእንጨት ሥራ ቤታችን በር ላይ ቆሙ።

«ምን አገኘው አባባ?»

«ማታ ባልዲ ውስጥ ዘፍዝፌው አደርኩ። ጧት ጥርቅም ብሎ ይዞ ነበር። ፀሐይ ሲያገኘው ጊዜ ወልቆ በረረ እልሃለሁ፤ ልጄን ለጥቂት ሳተው።»

ዛቢያውን ተቀብዬ አየሁት። ብረቱ የሚገባበት ክፍል ዙሪያውን ተጨፍልቆ እንደተወለወለ ጫማ ያብለጨልጫል። ከግንባሩ ሦስት ስንጥቅ ወደ ታች ወርዷል፤ ጥፍሬ ይገባበታል። እጅ የሚይዝበት ቦታ ላይ ደግሞ ከሱቅ ሲገዛ የነበረው ቫርኒሽ እንደ እባብ ቆዳ ተልጧል።

የላላ ዶማ ውሃ ውስጥ ያልዘፈዘፈ ሰው እኛ አገር አይገኝም፤ እኔም ልጅ ሆኜ ስንቱን ዘፍዝፌያለሁ። ነገሩ ግን የአራጣ ብድር ነው። እንጨት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ብረቱ ደግሞ አይሰፋለትም። መሄጃ ያጣው እንጨት ራሱን በራሱ ይጨፈልቃል። ሲደርቅ የሚመለሰው ወደ ድሮ መጠኑ አይደለም፤ ከድሮው አንሶ ነው። ስለዚህ በማግስቱ የባሰ ይላላል፤ የባሰ ሲላላ የባሰ ይዘፈዘፋል፤ መጨረሻው የኚህ አባት ነው።

መፍትሔው ውሃ የሚገባበትን ቦታ ቀድሞ በዘይት መያዝ ነው፤ ያውም በሚደርቅ ዘይት። እንጨትን የሚጠብቀው የጠጣው ቅባት እንጂ ላዩ ላይ የተለቀለቀው አይደለም። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ዞሮ ዞሮ ይህንኑ ለማድረግ የሚረዳ ነው።

መቼ ይሠራ?

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጭጋጉ ከጦሳ ወርዶ ከተማው ላይ ሲተኛ ልብስ እንኳ ሦስት ቀን ተሰጥቶ አይደርቅም፤ ዘይት የቀባችሁት እንጨትማ እስከ መስከረም እጅ ላይ እየተጣበቀ ይከርማል። በልጉ ካባራ በኋላ ያለው ግንቦትና የሰኔ መጀመሪያ ጥሩ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ደግሞ ከሁሉ ይሻላል፤ ብርዱ ቢያንገበግብም አየሩ ደረቅ፣ ቀኑ ፀሐይ ነው። ግን ዶማ የሚታሰበው ዝናብ ሲመጣ ስለሆነ ብዙ ሰው የሚመጣው ግንቦት ላይ ነው። ግንቦት ላይ ከጀመራችሁ ቢያንስ 3 ሳምንት ለሥራው ተዉለት።

ለምን ተልባ?

ዘይት ሁሉ አንድ አይደለም። አንዳንዱ አየር ሲያገኘው ቀስ በቀስ ጠንክሮ ወደ ስስ ቆዳ ይለወጣል፤ አንዳንዱ ዕድሜ ልኩን ዘይት ሆኖ ይቀራል። ተልባ ከሚደርቁት ወገን ነው። ይደርቃል ስል እንደ ውሃ ይተንናል ማለቴ አይደለም፤ ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ እርስ በርሱ ይያያዛል። ይህን ያዙልኝ፣ ኋላ ስለ ጨርቁ ስናወራ እንመለስበታለን።

ኑግ መሃል ሰፋሪ ነው፤ ይጀምርና ሳይጨርስ ይቀራል፣ ሲነኩት እንደ ማር ይለጠፋል። የሚረጋው የምግብ ዘይት ጭራሽ አይደርቅም። ሞራና ቅቤ ቀደምቶቻችን ተጠቅመዋል፤ ቆዳ ያለሰልሳሉ፣ ለዛቢያ ግን ይሸታሉ፣ አይጥም ይጠራሉ። ጋራዥ በር ላይ በነፃ የሚገኘው የተቃጠለ የሞተር ዘይት ደግሞ የብዙ ሰው ምርጫ ነው፤ ለአጥር ቋሚም ለዶማም ይቀቡታል። እኔ ለእጅ መያዣ አልመክረውም። ሞተሩ ውስጥ የተፋቀ ብረትና የነዳጅ ቃጠሎ ትራፊ ያለበት ነው፤ በቆዳ በኩል ለካንሰር ያጋልጣል የሚባለው እሱ ነው። በዚያ ላይ አይደርቅም፤ ላብ ባወጣችሁ ቁጥር መዳፋችሁን ያጠቁራል።

ቫርኒሽስ? ለቡፌና ለአልጋ ጥሩ ነው። ለዶማ ግን እንጨቱ ላይ እንደ ላስቲክ ይሸፈናል እንጂ ውስጥ አይገባም። አንድ ቦታ ሲሰነጠቅ ውሃው በዚያ ይገባና መውጫ ያጣል። ከሁሉ በላይ ደግሞ መዳፍ ያቆስላል፤ ላብ ሲነካው እጅን ይይዛል፣ ቆዳን ይስባል። በዘይት የተያዘ ዛቢያ ቀኑን ሙሉ ተቆፍሮበት ውሃ አያስቋጥርም።

ዘይቱን ማግኘትና መፈተን

ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ቀለም ከሚሸጡበት ሱቅ «ሊንሲድ ኦይል» ብሎ መግዛት ነው። ቆርቆሮው ላይ «የተቀቀለ» የሚል ትርጉም ያለው ነገር ተጽፎ ብታዩ አብዛኛውን ጊዜ በእሳት የተቀቀለ አይደለም፤ ቶሎ እንዲደርቅ እንደ ኮባልትና ማንጋኒዝ ያሉ ብረት አዘል ማድረቂያዎች ተጨምረውበታል። ለዶማ ምንም አይደለም፣ እንዲያውም ጊዜ ይቆጥባል። ምግብ ለሚነካ እቃ ግን አይሆንም።

ሁለተኛው ራስ ማስጨመቅ ነው፤ እኔ የምወደው ይህን ነው። ተልባ በደጋው እንደ ልብ ነው። ሳይቆላ፣ በደንብ ተነፍሶና ተበጥሮ፣ ኑግና ሰሊጥ የሚጨምቁበት ቤት ውሰዱት። ተልባ ከክብደቱ 40 በመቶ ገደማ ዘይት ነው፤ ትንሽ መጭመቂያ ግን ሁሉንም አያወጣላችሁም፤ ከ10 ኪሎ 3 ሊትር ገደማ ካገኛችሁ ጥሩ ነው። ለአንድ ዛቢያ የሚጠጣው ከአንድ የቡና ስኒ ብዙም ስለማይበልጥ ከጎረቤት ጋር ተዋጥቶ ማስጨመቅ ያዋጣል። አንድ ነገር አደራ፦ መጀመሪያ የሚወጣውን ለብቻ ያዙት። መጭመቂያው ውስጥ የቀረ የኑግ ዘይት አብሮ ይወጣል፣ እሱን ለሌላ ሥራ አድርጉት።

የወጣውን ዘይት በሚያሳይ ጠርሙስ ሞልታችሁ መስኮት ላይ ለ2 ወይም 3 ሳምንት አስቀምጡት። ተልባ ስትዘፈዘፍ የምታወጣውን ልጋግ ታውቁታላችሁ፤ ዘይቱም ከሱ ጥቂት ይዞ ይወጣል። ከታች እንደ ደመና ይዘቅጣል። ላዩን ሳትንጡ ቅዱት፣ ዝቃጩን ጣሉት። ጠርሙሱ እስከ አፉ ይሙላ፤ ግማሽ ከሆነ በውስጡ ያለው አየር ላዩን ያረጋዋል።

የገዛችሁትን ዘይት ካላመናችሁት ፈተናው ቀላል ነው። የመስታወት ስባሪ ላይ አንድ ጠብታ ጣሉና በጣታችሁ አስፍታችሁ አሳሱት። ከጎኑ ሌላ ዘይት አድርጉ። ብርሃን የሚያገኝ ቦታ ለ1 ሳምንት ወይም ለ10 ቀን ተዉት። እውነተኛው ተልባ ሲነኩት አይለጠፍም፣ በጥፍር ሲፍቁት እንደ ስስ ቅርፊት ይነሳል። የተቀላቀለው እንዳለ ይንሸራተታል። «ተልባ ቢንጫጫ ባንድ ሙቀጫ» እንደሚባለው፣ ሻጭ የፈለገውን ቢል መስታወቱ ይፈርዳል።

እንጨቱን ማዘጋጀት

ዛቢያ ከወይራ ቢሆን ማን ይጠላል። ወይራ ግን ተወዶም ጠፍቶም ነው፤ አብዛኛው ዛቢያችን ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ጠንካራ ነው፣ ችግሩ ሲደርቅ መጣመሙና መሰንጠቁ ነው። ስለዚህ አዲስ ዛቢያ የምትሠሩ ከሆነ በመጋዝ ከተሰነጠቀ ጣውላ ይልቅ በመጥረቢያ ከተፈለጠ ግንድ ጀምሩ። ፍልጥ የእንጨቱን መስመር ተከትሎ ስለሚሄድ መስመሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቋረጥ ይወርዳል። መጋዝ ግን መስመሩን እያቋረጠ ያልፋል፤ እንዲህ ያለ ዛቢያ አንድ ቀን በመስመሩ በኩል ሸርተት ብሎ ይሰበራል።

እርጥብ እንጨት ዘይት አይጠጣም፤ ቦታው በውሃ ተይዟል። ሁለቱን ግንባር በተረፈ ቀለም ደፍናችሁ (አለበለዚያ ከጫፍ ቶሎ ይደርቅና ይሰነጠቃል) ጥላ ስር፣ ንፋስ በሚያገኘው ቦታ፣ ከመሬት አንስታችሁ ከ3 ወር ላላነሰ ጊዜ አቆዩት። መድረቁን የማውቀው በሚዛን ነው። ጥራጥሬ የሚመዝን ጎረቤት ዘንድ በየሳምንቱ ወስዳችሁ አስመዝኑት፤ በተከታታይ ሦስት ሳምንት ክብደቱ ካልቀነሰ ደርቋል። ሰዎች ይስቁብኛል፣ ግን ሚዛን አይዋሽም።

አሮጌ ዛቢያ ከሆነ ቫርኒሹን አውጡት። የጠርሙስ ስባሪ ቀጥ ባለ ጠርዙ ከሞረድ የበለጠ ንጹሕ አድርጎ ይልጣል፤ ጓንት ብቻ አድርጉ። ከዚያ በ80 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት፣ ቀጥሎ በ120። ከዚያ በላይ ማለስለስ ትርፉ ድካም ነው፤ በጣም የለሰለሰ እንጨት ዘይት የመቀበል አቅሙ ይቀንሳል፣ እጅም ላይ ያሟልጫል። በመጨረሻ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ አድርጉት። የተኙት የእንጨቱ ክሮች ይቆማሉ፤ ሲደርቅ በ120ው ቀለል አድርጋችሁ ድገሙት።

ማሞቅ

ቀዝቃዛ ዘይት ወፍራም ነው፤ ሲሞቅ ይቀጥናል፣ ወደ ውስጥ ለመግባት ይፈጥናል። ብዙ ባለሙያ በአኳራጅ (በቀለም ማቅጠኛ) ያቀጥነዋል፤ ይሠራል፣ ግን ይሸታል፣ እሳትም በሩቁ ይጠራል። እኔ ሙቀቱ ይበቃል ባይ ነኝ።

ዘይቱን በቀጥታ ከሰል ላይ አትጣዱት። ትልቅ ድስት ውስጥ ውሃ አፍሉ፣ ዘይቱን በትንሽ ጣሳ አድርጋችሁ ውሃው ውስጥ አስቀምጡት። እዚህ ላይ ከፍታችን ይጠቅመናል፦ ደሴ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ታች ኮምቦልቻ እንኳ 94 ገደማ ነው። ውሃ እስካለ ድረስ ዘይቱ ከዚያ አያልፍም፤ የተልባ ዘይት እሳት የሚይዝ ትነት የሚያወጣው ደግሞ ከ200 ዲግሪ በላይ ስለሆነ ስጋት የለም። ውሃው ጣሳው ውስጥ እንዳይረጭ ብቻ እሳቱን ቀንሱ። አኳራጅ የተቀላቀለበትን ግን በምንም ዓይነት አታሙቁ።

ዘይቱ ብቻ ሳይሆን እንጨቱም ይሙቅ። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል፣ ለእኔ ግን የሥራው እምብርት ይህ ነው። ዛቢያውን እኩለ ቀን ፀሐይ ላይ ለ2 ሰዓት አስጡት፣ ወይም ከከሰል ምድጃ ክንድ ያህል አርቃችሁ እያገላበጣችሁ አሙቁት፤ እጅ የሚይዘው ግን የማያቃጥል ይሁን። እንጨቱ ሲሞቅ ውስጡ ያለው አየር ይለጠጥና ከፊሉ ይወጣል። ከእሳቱ አርቃችሁ ዘይቱን ስትቀቡት እንጨቱ እየቀዘቀዘ ይሄዳል፤ የቀረው አየር ይሰበሰባል፣ ባዶ የቀረውን ቦታ ዘይቱ ይሞላዋል። ጆሮ ለሰጠ ሰው ድምፅ አለው፤ ግንባሩ ላይ ትንንሽ አረፋ ፍስስ እያለ ይወጣል። ልጄ «አባዬ እየጠጣ ነው» ይለኛል።

መቀባት

አሮጌ የጥጥ ጨርቅ ወይም ብሩሽ ይሆናል። ዘይቱን ሳትሰስቱ አልብሱት፤ መጥጦ የደረቀ ቦታ እያያችሁ ጨምሩ። ከ20 ደቂቃ በኋላ አንዳንዱ ቦታ ደረቅ ሆኖ ታገኙታላችሁ፣ ሌላው ያብለጨልጫል። ደረቁ ላይ ድገሙ። ግማሽ ሰዓት ሲሞላ በሌላ ደረቅ ጨርቅ ሙልጭ አድርጋችሁ ጥረጉት። እንጨቱ ሲነካ እርጥብ እስከማይመስል ድረስ። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ «ይብዛለት» ብሎ ይተወዋል። የተረፈው ዘይት ውስጥ አይገባም፤ ላዩ ላይ ይረጋና አቧራ የሚይዝ ሙጫ ይሆናል።

ግንባሩ የተለየ ነው። እንጨት ማለት ወደ ላይ የቆሙ እጅግ ቀጫጭን ቱቦዎች እንደማለት ነው፤ ከጎን ሲቀቡት ትንሽ ይጠጣል፣ ከግንባሩ ግን እንደ ፈትል ይስባል። ስለዚህ ብረቱ የሚገባበትን ጫፍ ዘይት ያለበት የቲማቲም ጣሳ ውስጥ 8 ወይም 10 ሳንቲሜትር አስጠልቃችሁ አንድ ሌሊት አቁሙት። ጧት ጥረጉት። የኩታበሩ አባት ባልዲ ውስጥ ያደረጉት ነገር ሐሳቡ ልክ ነበር፤ የተሳሳተው የዘፈዘፉበት ነገር ነው።

በጥሩ አየር ደሴ ላይ ከ3 እስከ 7 ቀን ጠብቁና ድገሙ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ያነሰ ይጠጣል፣ ሦስተኛው ከሁለተኛው። ቀብታችሁት በ10 ደቂቃ ውስጥ ምንም ካልጠጣ ጠግቧል፣ ተዉት። ባሕር ዛፍ ብዙ ጊዜ 3 ዙር ይበቃዋል። ወይራ ከ2 አይበልጥም፤ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ብትለምኑትም አይጠጣም።

ጨርቁን አደራ

እዚህ ላይ ቆም እንበል። የዛሬ ጥቂት ዓመት፣ ቅዳሜ ቀን፣ ስድስት ዛቢያ ቀብቼ ጨረስኩ። የጠረግኩባቸውን ጨርቆች ጨምቄ ጠቅልዬ የመላጊያ ቅርፊትና ሰጋቱራ ያለበት ጆንያ ውስጥ ወርውሬ ዘጋሁ። እሳት የለ፣ ከሰል የለ፣ መብራቱም ጠፍቷል። ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ስልኬን ረስቼ ስመለስ ቤቱ ውስጥ የተቃጠለ ተልባ ይሸታል። እናቴ ተልባ ስትቆላ ምጣዱ ሲያርርባት የሚሸተው ሽታ ማለት ነው። ጆንያውን ስነካው እንደ ድስት ክዳን ይፋጃል። አፉን ስፈታው ጭሱ ፊቴ ላይ ቦለል ብሎ ወጣ፣ አየር ሲያገኝ ደግሞ መሃሉ ቀላ። ጎትቼ ውጭ አውጥቼ ሁለት ጀሪካን ውሃ አፈሰስኩበት። ስልኬን ባልረሳ ኖሮ የአባቴ ሥራ ቤት ታሪክ ነበር።

ምክንያቱ ያ ቅድም ያልኳችሁ መድረቅ ነው። ዘይቱ ኦክስጅን ሲወስድ ሙቀት ያወጣል። እንጨት ላይ በስሱ ሲቀባ ሙቀቱ ወዲያው ይበተናል፣ አይታወቅም። ተጠቅልሎ ሲከመር ግን መውጫ ያጣል፤ ሙቀቱ መድረቁን ያፋጥናል፣ መድረቁ ሙቀቱን ይጨምራል፣ በሰዓታት ውስጥ ራሱን ያቀጣጥላል። ማድረቂያ የተጨመረበት የሱቅ ዘይት ደግሞ ከሁሉ ይፈጥናል።

ስለዚህ ጨርቁን ዘርግታችሁ፣ አንዱን በአንዱ ላይ ሳትደርቡ፣ ውጭ ሽቦ ላይ አስጡት። እንደ ካርቶን ድርቅ ሲል ሊጣል ይችላል። ማስጫ ከሌለ ውሃ የሞላበት ክዳን ያለው ጣሳ ውስጥ ይጨመር፣ ወይም ወዲያው ምድጃ ውስጥ ይቃጠል። ዘይት የነካው ሰጋቱራም እንደዚያው ነው። ልጆች ጨርቁን ሰብስበው ኳስ እንዳይሠሩበትም ተጠንቀቁ፤ ይህን የምለው በምክንያት ነው።

ብረቱን መግጠም

ዘይቱ ከጠነከረ በኋላ፣ ማለትም ከመጨረሻው ዙር 1 ሳምንት ቆይቶ፣ ብረቱን ግጠሙ። መጀመሪያ የብረቱን ቀዳዳ ከዝገት በሞረድ አጽዱ፤ ሹል ጠርዝ ካለው እንጨቱን ስለሚቆርጥ አደንዝዙት። የመጥረቢያ ዛቢያ ከላይ ሽብልቅ ይፈልጋል፦ ጫፉን በቀጭን መጋዝ ሰንጥቃችሁ፣ ብረቱን አግብታችሁ፣ ከዛቢያው የሚጠነክር ደረቅ እንጨት ቀርጻችሁ፣ ዘይት ነክራችሁ አስገቡት። የብረት ሽብልቅ ወይም ምስማር የሚመታበት ሰው አለ፤ በቶሎ ይይዛል፣ ግን ይዝጋል፣ ዝገቱም ዙሪያውን ያለውን እንጨት ይበላዋል። ዶማ አብዛኛውን ጊዜ ከታች ገብቶ ወደ ላይ የሚጠብቅ ስለሆነ ሽብልቅ አያስፈልገውም፤ ጫፉ ወፈር ብሎ መሠራቱ ይበቃል።

ስለ ቅጥራን፣ በመንገዳችን

ስዊድን የሚኖረው ወንድሜ ባለፈው ሲመጣ አንድ ቆርቆሮ ይዞልኝ መጣ። ስከፍተው ቤቱ በሙሉ የጢስ ሽታ ሞላው፤ እንደ ማር ቡናማ፣ ወፍራም ነገር ነው። «የስኪ ቅጥራን» ነው አለኝ። ኖኅ መርከቡን በውስጥም በውጭም እንዲለቀልቅበት የታዘዘው ቅጥራን፤ ዐረብኛውም ቀጥራን ይለዋል። የዚህኛው ምንጭ ሙጫ የበዛበት የፓይን ዛፍ ጉቶና ሥር ነው፤ አየር ባነሰው ጉድጓድ ውስጥ ቀስ ብሎ ሲነድ ከታች የሚንጠባጠበው ነው። የእኛ ጥድ አይደለም፤ ዘመዱ እኛ አገር ለደን የሚተከለው ፓቱላ ነው።

የሰሜን ሰዎች በረዶ ላይ የሚሄዱበትን የእንጨት ስኪ ከሥር የሚያክሙት በዚህ ነው። አሮጌውን ፍቀው ያወጣሉ። ቅጥራኑን አሙቀው በብሩሽ ይቀባሉ። ከዚያ የጋዝ ነበልባል በላዩ እያሳለፉ አረፋ እስኪያወጣ ያሞቁታል፤ ነበልባሉ አንድ ቦታ አይቆምም፣ ከቆመ እንጨቱን ያሳርራል። አረፋው ሲነሳ ወዲያው በጨርቅ ይጠርጉታል። ሁለት ሦስት ጊዜ ይደግሙታል። የቀለጠ በረዶ ወደ እንጨቱ እንዳይገባ ያደርጋል፤ በላዩ የሚቀቡትንም ሰም ይይዛል። ሰሙ ከላይ፣ ወርቁ ከሥር ማለት ነው። ሙቀት፣ መጠጣት፣ መጥረግ፤ ከእኛ ዛቢያ ጋር አንድ ነው። ፋሉን በተባለችው የስዊድን ከተማ እኛ ዘንድ የካቲት 66 ሲፈነዳ የዓለም የስኪ ሻምፒዮና ይካሄድ ነበር፤ ኖርዌጂያዊው ማግኔ ሚርሞ በ15 ኪሎ ሜትር ሲያሸንፍ በእንጨት ስኪ የዓለም ሻምፒዮን የሆነ የመጨረሻው ሰው ሆነ። ከዚያ ወዲህ የእንጨቱን ቦታ ፋይበርግላስ (በመስታወት ክር የተጠናከረ ፕላስቲክ) ወሰደው። በ1998 ዓ.ም. ቶሪኖ ላይ በክረምት ኦሎምፒክ ባንዲራችንን ይዞ የተወዳደረው ሮቤል ተክለማርያም ቅጥራን የሚያሞቅበት ዘመን አልፎ ነበር።

ለእኛ ምን ይጠቅማል? የተልባ ዘይት፣ ቅጥራንና ተርፔንታይን (ከፓይን ሙጫ የሚወጣ ማቅጠኛ) እኩል እኩል ተቀላቅሎ ዝናብ ለሚመታው እንጨት ድንቅ ነው፤ ለጋሪ ጣውላ፣ ለመስኮት መዝጊያ፣ ሜዳ ላይ ለሚያድር ሞፈርና ቀንበር። ድብልቁ አይሞቅም፤ ፀሐይ ላይ የዋለ እንጨት ላይ ይቀባል። ለእጅ መያዣ ግን አልወደውም፣ በሙቀት ጊዜ ይለጠፋል። ቅጥራን ከሌላችሁ በመንገድ ሥራ ሬንጅ አትተኩት። ሬንጅ ከነዳጅ የሚወጣ ሌላ ነገር ነው፤ እንጨቱን እንደ ኮፍያ ይደፍነዋል፣ ውስጥ የቀረ እርጥበት ካለ ከሥር ያበሰብሰዋል።

ኮምቦልቻ ላላችሁ

የሃረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስትደርሱ ነገሩ ይለወጣል። አማቼ እዚያ ይሠራል፤ እኔ ሳምንት የምጠብቀውን ዘይት እሱ በ2 ወይም በ3 ቀን ይጨርሰዋል። በሌላ በኩል ደሴ ላይ ጥብቅ ያለ ዛቢያ ኮምቦልቻ ሲወርድ ይላላል፤ አየሩ ስለሚሞቅና ስለሚደርቅ እንጨቱ ይሰበሰባል። ለቆላ የምትሠሩ ከሆነ ዛቢያውን ከመግጠማችሁ በፊት እዚያው አገሩ ላይ 2 ሳምንት አሳድሩት።

ምስጥን በተመለከተ አልዋሻችሁም። የተልባ ዘይት ውሃን ይከላከላል እንጂ ምስጥን አይከለክልም። ዶማውን መሬት ላይ አታጋድሙ፣ ግድግዳ ላይም አታስደግፉ፤ ምስማር ላይ ስቀሉት።

እንክብካቤ

በዓመት አንድ ጊዜ፣ ግንቦት ላይ፣ ታጥቦና ደርቆ አንድ ዙር ሞቅ ያለ ዘይት ይበቃዋል። ከሥራ ሲመለስ ጭቃው ይጠረግ፣ ዝናብ ላይ አይደር። እንጨቱ እየነጣ፣ ሲነኩት እየሻከረ ከመጣ ጊዜው ደርሷል ማለት ነው፤ አንድ የውሃ ጠብታ ጣል አድርጉበት፣ ኳስ ሆና ከተቀመጠች ገና ነው፣ ተነጥፋ ከጠፋች ቀቡት።

ሴቶች ብዙ ጊዜ ስለ ሙቀጫና ማማሰያ ይጠይቁኛል። ይሆናል፤ ግን የራሳችሁ ያስጨመቃችሁት ንጹሕ የተልባ ዘይት ብቻ፣ ማድረቂያም ቅጥራንም ያልነካው፣ ከቀባችሁ በኋላም 1 ወር አቆይታችሁ። ሙቀጫው ውስጥ ቡና ወይም በርበሬ ከመግባቱ በፊት አንድ እፍኝ ገብስ ወቅጣችሁ ድፉት።

የኩታበሩን አባት ዛቢያ አላዳንኩትም፤ ስንጥቁ ጠልቋል። ባለፈው ዓመት የፈለጥኩት ደረቅ ባሕር ዛፍ ስለነበረ ከሱ ቀረጽኩላቸው። ሁለት ዙር ጠጥቷል፣ ሦስተኛው ለሚቀጥለው ሰኞ ነው። ባልዲውን ምን እንዳደረጉት ጠየቅኳቸው። «ለጥጃው ውሃ ማጠጫ» አሉኝ።